መልስ፦ ቱሪስቱ ልብሱን ነካክቶ ሳይገዛ ለምን ይወጣል?

ዋጋ ለጥፊበት። ሐረር ጁገል ባለው የድሮ ልብስ ሱቅሽ ፈረንጆቹ ነካክተው የሚወጡት ልብሱን ጠልተው አይመስለኝም፤ ዋጋ መጠየቅ ክርክር ውስጥ እንዳይከታቸው ፈርተው ነው።

የድሮ ልብስ ብዙ ጊዜ የሳይዝ ቁጥር የለውም። ደረቱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር ለክተሽ ከዋጋው ጎን ጻፊ። መስታወትና መጋረጃም ይኑርሽ። ባለ ሁለት ገጹን የሐረሪ ቀሚስ ደግሞ ጫፉን ገልብጠሽ ስቀዪው፣ ሁለቱም ቀለም ይታይ። ብብቱ የተተረተረ ከሆነ ቀድመሽ አሳዪ፤ ሆቴል ገብተው ካገኙት አለቀልሽ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ለማሻሻጥ ብለሽ «መቶ ዓመቱ ነው» አትበዪ። እንዲያ ካልሽ ቅርስ ነው እንዳልሽ ይቆጠራል፤ ቅርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከጎረቤቴ ሱቅ የገዛች አንዲት ሴት ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን ሲያስፈቷት፣ ንዴቷ በሙሉ የወረደው ሱቁ ላይ ነው።