ባዮኬሚስትሪ ከበደኝ፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ?

ደሴ የምትማር የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ጽፋልኛለች። የባዮኬሚስትሪ ሚድ ከ30 ዘጠኝ አምጥታለች። ፕሮቲን የሚገነባባቸውን የሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች ስምና የግላይኮሊሲስን (የግሉኮስ ስኳር አፈራረስ) አሥር ደረጃዎች ሸምድዳ ገብታ፣ ወረቀቱን ስታይ ሁሉም ድርግም አለባት። ቤተሰብ ደግሞ «ባዮሎጂ ተምረሽ የት ልትቀጠሪ ነው?» ይላታል። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ልቀይር ወይስ ልግፋበት?»

አብሽሪ እህቴ። በአንድ ሚድ ዲፓርትመንት አይቀየርም። መቀየር ያለበት አጠናንሽ ነው።

ሃያውን ስም በተርታ መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ አንዱን ከሌላው የሚለየውን የጎን ሰንሰለታቸውን እያየሽ ለያዪያቸው፦ ውሃ የሚሸሹ፣ ውሃ የሚወዱ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው። ከዚያ ፕሮቲን ለምን እንደሚጣጠፍ ራሱ ይገባሻል፤ ውሃ ሸሺዎቹ ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ቻርጅ ያላቸው ብዙውን ጊዜ ውጭ ከውሃው ጋር ይቀራሉ፣ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። ሙቀትም አሲድም ቅርጹን ሲያፈርሱት ሥራው ይቆማል። የመግቢያ ኮርሱ ግማሽ ያህሉ ይኸው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስሞቹን አስተማሪሽ ይጠይቅሻል፣ አዎ፣ ግን ቡድኑን ካወቅሽ በኋላ ስሙ አይጠፋሽም።

ይህን በዓይንሽ እይው። ሩዝ ቀቅለሽ ውሃውን አቀዝቅዢና በአራት ብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ክፈይ። አንደኛው ላይ ምንም አትጨምሪ። ሁለተኛው ላይ ምራቅሽን ጨምሪ፣ ሦስተኛው ላይ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ምራቅ፣ አራተኛው ላይ ደህና አድርገሽ ኮምጣጤ ካደረግሽ በኋላ ምራቅ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቂና ከፋርማሲ የገዛሽውን አዮዲን ጠብ ጠብ አድርጊባቸው። ስታርች ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሁለተኛው ግን የአዮዲኑን ቢጫ ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል ወይም በጣም ይሳሳል፣ ምክንያቱም አሚሌዝ የሚባለው የምራቅሽ ኢንዛይም ስታርቹን ቆራርጦታል። (በኮምጣጤ ፈንታ ሎሚ እንዳትጨምሪ! ቫይታሚን ሲ ራሱ የአዮዲንን ቀለም ስለሚያጠፋ ይሸውድሻል።) ኢንዛይም፣ ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው)፣ ኮንትሮል (ምንም ያልጨመርሽበት ማነጻጸሪያው)፣ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ጨረስሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ጥያቄ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «ባዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታዪም። ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ግቢና ፋብሪካዎቹን በዚህ ኮርስ ዓይን ተመልከቻቸው። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ የተፈጨ ብቅል ከውሃ ጋር 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚያዘው ያው አሚሌዝ ስታርቹን ስኳር እንዲያደርገው ነው፤ ሙቀቱ 80 ቢደርስ ኢንዛይሙ ቶሎ ይበላሻል፣ ሥራውም ይቆማል። ስታርቹ ማለቁንም የሚያረጋግጡበት አንዱ መንገድ የአንቺው የአዮዲን ጠብታ ነው። ከዚያ እርሾው ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤታኖልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ለራሱ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ (ሕዋስ ኃይል የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ። ግላይኮሊሲስ ያልሽው ጉድ እዚህ ውስጥ አለ። ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ፈጭቶ ጭማቂው ብቻውን ስኳር እንደሚያፈላ አሳየ፣ በ1907 ኖቤል ወሰደበት።

ጨርቃጨርቅም እንደዚሁ ነው። ክሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፣ ጨርቁ ከመቅለሙ በፊት ያንን የሚያስለቅቁት በአሚሌዝ ነው። ቆዳ ማልፊያ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች አሉ። የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ውስጥ የክሬብስ ዑደትን (ከግላይኮሊሲስ ቀጥሎ የሚሸመደደውን) የሚጠይቅሽ የለም። ፒኤች 5 ከፒኤች 7 ጋር ሲነጻጸር የሃይድሮጅን አየኑ ስንት እጥፍ ነው ብለው ግን ሊጠይቁሽ ይችላሉ። እያንዳንዱ አንድ ፒኤች አሥር እጥፍ ስለሆነ መቶ እጥፍ ነው፤ «ሁለት» ብለሽ እንዳትመልሺ።

ሆስፒታል ላቦራቶሪ እገባለሁ ብለሽ ካሰብሽ ግን ቆም በይ። የጉበት ምርመራው፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲ፣ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው፣ ስለዚህ ትምህርቱ ይገባሻል። የሙያ ፈቃዱ ግን የሚሰጠው ሜዲካል ላቦራቶሪ ለተማረ ነው፣ የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን አያስገባሽም። ልብሽ እዚያ ከሆነ መቀየሩ ትርጉም ይኖረዋል። ቢሆንም ባዮኬሚስትሪ እዚያም ይጠብቅሻል፣ ያውም ጠንከር ብሎ!

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና መኖሩንም አትርሺ። አሁን የዘለልሽው ያኔ ይመጣል።

ስለዚህ የመቀየሪያውን ፎርም ለጊዜው ተዪው። በዚህ ሳምንት ብርጭቆዎቹን ደርድሪ፣ ያየሽውን በአንድ ገጽ በራስሽ ቋንቋ ጻፊና ለአስተማሪሽ በቢሮ ሰዓቱ አሳዪው። ሚድ ወረቀትሽንም ይዘሽ ግቢ፣ የት የት እንደሳትሽ ይንገርሽ። ለክረምት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተለማማጅ ይቀበሉ እንደሆነ በዲፓርትመንትሽ ደብዳቤ ከአሁኑ ጠይቂ፣ ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚሯሯጠው። ፋይናል ወጥቶ ውጤቱ አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ መቀየሩ የምር እናወራለን።