ቡችላው ለእንቁጣጣሽ አይደርስም

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? የምኖረው ሱሉልታ ነው። የ7 ዓመት ልጄ «ትንሽ ነጭ ውሻ ግዢልኝ» እያለች ዓመቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከረመች፣ እኔም ለእንቁጣጣሽ እሰጥሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። አንድ ቡችላ አገኘሁ፤ ሻጩ ማልቲዝ የሚባል ደቃቅ ዝርያ ነው ይላል፣ የተወለደው ነሐሴ 1 ነው። «በልጅነቱ ካልወሰድሽው አይለምድሽም፣ ወተት ስጪው ይበቃዋል» አለኝ። ባለቤቴ ግን «ገና እናቱን የሚጠባ ነገር ቤቴ እንዳታመጪ» ብሎ ተቆጣ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ልክ ነው። ይህን ካነበብሽለት ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራራብሽ እንደሚከርም አውቃለሁ፣ ግን ምን ይደረግ።

ነሐሴ 1 ከተወለደ ለእንቁጣጣሽ ገና 5 ሳምንቱ ነው። ማንኛውም ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። እንግሊዝ አገር ፈቃድ ያለው ሻጭ ከዚያ በፊት እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክለዋል። የአንቺው ደግሞ አድጎም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ቢሆን ነው፤ እንዲህ ያሉትን ደቃቅ ዝርያዎች ጠንቃቃ አርቢዎች 10 አንዳንዴም 12 ሳምንት እስኪሞላቸው ከእናታቸው አይነጥሏቸውም። በእኛ አቆጣጠር 8 ሳምንቱ መስከረም 22 ይሞላል፣ 10ሩ ጥቅምት 6፣ 12ቱ ጥቅምት 20። እኔ ብሆን ከጥቅምት 6 በፊት አላመጣውም።

ሻጩ ያለሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው፣ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ቶሎ ይለምዳል። ስለዚህ በ10 ሳምንቱ ቢመጣም አላመለጠሽም። በዚያው ጊዜ ግን ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚማረው አለ፣ አንቺ ልታስተምሪው የማትችይው። ሲጫወቱ ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ወንድሙ ይጮሃል፣ ጨዋታውም ይቆማል፤ ጥርሱን መመጠን የሚለምደው እንዲህ ነው። በ5 ሳምንቱ ካመጣሽው የሚለማመደው በልጅሽ እጅ ላይ ነው።

ሌላው ነገር ስኳር ነው። ደቃቅ ቡችላ ሰውነቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም፣ ለጥቂት ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ወይም ብርድ ከመታው የደሙ ስኳር ይወርዳል። ከዓመታት በፊት እኔም «2 ወር ሞልቶታል» ተብዬ መንገድ ዳር አንዱን ገዛሁ። ማታ ጠግቧል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ ላቁመው ብል እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ድዱ ላይ ማር ቀባንለትና በጃኬት ጠቅልለን ወደ እንስሳት ሐኪም በረርን፣ ደግነቱ ተረፈ። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየና «ይሄ ወር ከምናምኑ ነው» አለኝ። እኔማ አፉን መክፈት መች ትዝ ብሎኝ!

አንቺ ክፈቺ። 8 ሳምንት አካባቢ የወተት ጥርሶቹ 28ቱም ብቅ ብለው መታየት አለባቸው። የኋላዎቹ ገና ከሆኑ ወይም ሲሄድ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢምል አትመኚው። እናቱን አሳየኝ በይው፣ የትል መድኃኒትና የመጀመሪያውን ክትባት ስለማግኘቱ ካርዱን ጠይቂው። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ቡችላ ገዳይ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀምርና በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው ነው፣ እሱ እንዳይረሳ፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ።

ወተት ያለሽን እርሺው። የላም ወተት ያስቀምጠዋል፣ ይህን የምታክል ነፍስ ደግሞ ተቅማጥ ቶሎ ይጎዳታል። የቡችላ ምግብ ለስልሶ በቀን 4 ወይ 5 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሰጠው። የወጥ ትራፊም አይሆንም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ለእኛ ነው፣ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀቱን ይወጋዋል።

የሱሉልታን ብርድ ለአንቺ አልነግርሽም። ግቢ እንዳታሳድሪው፣ ትልቅ ከሆነም በኋላ። ሌሊት የሚጮኸውን ጅብ ትሰሚው የለ?

ለእንቁጣጣሽ ሳህኑንና የአንገት ማሰሪያውን ለልጅሽ ስጫት፣ ስሙንም እሷ ታውጣለት። ከዚያ ሻጩ ከፈቀደ በየሳምንቱ እየወሰድሽ አሳያት፤ ሲመጣ ሽታዋን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነኝ። በ6 ሳምንቱ አምጥቼዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ልመልሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካመጣኸው ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ፣ እናቱም እዚያው ካለች፣ መልሰህ ለተወሰነ ሳምንት ብታቆየው ምንም ነውር የለበትም። ካልሆነ ግን የሚተኛበትን ካርቶን አልጋህ አጠገብ አምጣው። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ጎኑ አድርግለት፣ ከእናቱ መኝታ ቁራጭ ጨርቅ ካገኘህማ በጣም ጥሩ። ሌሊትም ተነስተህ አብላው። ክትባቱን እስኪጨርስ መንገድ ላይ አታውርደው፣ ግን ታቅፈኸው ውጣ፣ የባጃጁንም የሰውንም ድምፅ ይልመድ። ሲያለቅስ አትቆጣው። እጅህን ካርቶኑ ውስጥ አስገባለት፣ ዝም ይላል።