ሆዴን ባር ባር ይለኛል

አስተርጓሚነት የምትማር አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ የአሜሪካዊውን ደራሲ የቴድ ቺያንግን ልቦለድ ላንብበው ወይስ መዝገበ ቃላቴን ላጥና?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ማታ እንቅልፍ ከለከለኝ። ይህን ለሷም ለእናንተም እጽፋለሁ፣ ልጆቼ።

ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። በአማርኛ «የሕይወትሽ ታሪክ» እለዋለሁ። የእንግሊዝኛው ርዕስ «ህ» ይሁን «ሽ» አይለይም። እኛ ግን ገና ርዕሱ ላይ መምረጥ አለብን። እናት ለሴት ልጇ የምትናገረው ስለሆነ «ሽ» ነው።

እናትየዋ ሉዊዝ የቋንቋ ምሁር ናት። ከሌላ ዓለም የመጡ ባለ ሰባት እግር ፍጡራንን ቋንቋ እንድታጠና ትጠራለች። እዚያ ውስጥ የካንጋሩ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 የእንግሊዛዊው መርከበኛ የካፒቴን ኩክ ሰዎች አውስትራሊያ ላይ የእንስሳውን ስም ጠየቁ፤ «ካንጋሩ» ተባሉ፤ ትርጉሙ ግን «ምን አልክ?» ነበር ይባላል። ወሬው እውነት አይደለም፣ ቃሉ በአካባቢው ቋንቋ የእንስሳው ስም ነው። እኔ ግን እዚያ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። በአስተርጓሚነቴ ያገኘኋቸው አንዲት እማማ ትዝ አሉኝ።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለሥራው አዲስ ነበርኩ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ።

«ልጄ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ።

እኔ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብዬ አስተረጎምኩ።

ሐኪሙ ሆዳቸውን ይጫን ጀመር። እዚህ ጋ ያማል? ምን በሉ? እሳቸው ግራ ገብቷቸው እኔን እኔን ያያሉ። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ ያሉት ገብቶኛል። ግን የራስህን አትጨምር የሚል ደንብ አለ ብዬ ዝም አልኩ። ደንቡ ልክ ነው። ያው ደንብ ግን «ይህ አባባል ሌላ ትርጉም አለው፣ ልጠይቃቸው» ማለትንም ይፈቅዳል። አላልኩም። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ሊፍት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ነገሩኝ። አገር ቤት የቀረው ልጃቸው ስልክ ማንሳት ካቆመ አርባ ቀን ሊሆነው ነው። ተመልሼ ሐኪሙን መጥራት እችል ነበር። ሌላ ቀጠሮ አለብኝ ብዬ ሄድኩ።

እናንተ ዛሬ ስልካችሁን ታወጣላችሁ፣ ትርጉሙ ወዲያው ይመጣል። ፍጥነታችሁ ያስፈራኛል። «ባር ባር» የሚለውን ስልኩ ምን ብሎ እንደሚመልሰው እስቲ ሞክሩት።

ልቦለድ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም ስል ኖሬያለሁ። አሁንም መዝገበ ቃላትሽን አስቀድሚ እላለሁ። ግን ይህን ዛሬ ማታውኑ አንብቢው። አንድ ነገሩን ብቻ አልተቀበልኩትም፦ ሉዊዝ የፍጡራኑን ቋንቋ ስትለምድ የነገውን ማየት ትጀምራለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት ቋንቋ መሃል ስመላለስ ነገን አይቼ አላውቅም። ደጋግሜ የማየው ያንን ሊፍት ነው። በሩ ሲከፈት እማማ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አሉኝ።