ሎምቦክ አለ፣ ጌተሩ የለም

ጥያቄ፦ ደሴ ለሚገኝ የእህል መጋዘን በጃቫ የክምችት መዝገብ እየሠራሁ ነው። «ግዢ» የሚለው ክላስ ብቻ 14 ፊልድ ስላለው ጌተርና ሴተር (ፊልዱን የሚያነብና የሚለውጥ ሜተድ) በእጅ ልጻፍ ብል 28 ሜተድ ሊሆንብኝ ነው። እነዚህን ሜተዶች በራሱ የሚያመርተውን ሎምቦክ የተባለ ላይብረሪ ጨምሬ ክላሱ ላይ የ«ዳታ» አኖቴሽን (@Data የሚል ምልክት) አደረግሁ። ኮድ የምጽፍበት ኢንተሊጄ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም፤ በሜቨን (ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ) ስገነባው ግን ከጌተሮቹ አንዱንም አላገኘሁም ይላል። ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) 23 ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ ኮድዎ ደህና ነው። ኢንተሊጄ ከ2020.3 እትም ጀምሮ የሎምቦክ ፕለጊን አብሮት ስለሚመጣ ኤዲተሩ ጌተሮቹን እንዳሉ ይቆጥራቸዋል። ሜቨን የሚጠራው ግን የጃቫን ኮምፓይለር፣ ጃቫክን ነው። ጃቫክ እስከ 22 ድረስ ክላስፓዝ (ላይብረሪዎች የሚፈለጉበት ዝርዝር) ላይ ያገኘውን እንደ ሎምቦክ ያለ አኖቴሽን ፕሮሰሰር (አኖቴሽን አይቶ ኮድ የሚያመርት) ሳይነገረው ያስነሳ ነበር፤ ከ23 ወዲህ ካልታዘዘ ዝም ይላል።

የሜቨንን ፖም ፋይል (pom.xml) ከፍተው በሜቨን ኮምፓይለር ፕለጊን ኮንፊገሬሽን ሥር የአኖቴሽን ፕሮሰሰር ፓዝ ይጨምሩ፤ የሎምቦክን ግሩፕ፣ አርቲፋክትና ቨርዥን እዚያ ይጻፉ። ቨርዥኑ ዲፔንደንሲው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ ጄዲኬ 23ን የማያውቅ የቆየ ሎምቦክ ከሆነም ያድሱት። ከዚያ ክሊን አድርገው እንደገና ይገንቡ።

እግረ መንገድዎን «ዳታ»ን ከዚያ ክላስ ላይ ያንሱት። ጌተርና ሴተር ብቻ አይደለም የሚያመርተው፤ ቱስትሪንግ፣ ኢኩዋልስና ሃሽኮድም ይጨምራል። «ግዢ» ውስጥ «ነጋዴ» ቢኖር፣ «ነጋዴ» ውስጥ ደግሞ የግዢዎቹ ሊስት ቢኖር፣ አንዱን ለማተም ሲሞክሩ ቱስትሪንጎቹ እየተጠራሩ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ይወድቃሉ። ክላሱ ላይ «ጌተር» ብቻ ይበቃል፤ «ሴተር»ን በእርግጥ የሚለወጠው ፊልድ ላይ ለብቻው ያድርጉት።

የኩንታሉን መጠን በያዘው ፊልድ ላይ ግን ሴተር ፈጽሞ አያድርጉ። ሴተር ካለው፣ መጋዘን ውስጥ 40 ኩንታል ጤፍ እያለ ከየትኛውም የኮዱ ጥግ ከዜሮ በታች ሊጻፍበት ይችላል። በምትኩ «አስገባ» እና «አውጣ» የሚሉ ሁለት ሜተዶች ይጻፉ፤ «አውጣ» ካለው በላይ ሲጠየቅ ኤክሴፕሽን ይወርውር። ሊስት ያለበት ፊልድም እንዲሁ ነው፤ የተመረተው ጌተር ራሱን ሊስቱን እንጂ ቅጂውን አይሰጥም፣ የተቀበለው ሰው ውስጡን ሊያጸዳው ይችላል። ጌተሩን በእጅዎ ጽፈው በሊስት ኮፒኦፍ ቅጂ ይመልሱ። በዚያ ስም ሜተድ ካለ ሎምቦክ ያልፈዋል።

አንድ የሚያናድድ ነገር ደግሞ አለ፦ ቡሊያን ፊልድን «ኢዝፔይድ» ብለው ከሰየሙት ሎምቦክ ሴተሩን «ሴትፔይድ» ያደርገዋል፣ ዳታውን ወደ ጄሰን ጽሑፍ የሚቀይረው ጃክሰን ላይብረሪም ጄሰኑ ላይ «ፔይድ» ብሎ ያወጣዋል። ፊልዱን መጀመሪያውኑ «ፔይድ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ያለ ሎምቦክስ አይሆንም? — ከወልድያ

መልስ፦ ይሆናል። ኢንተሊጄ ላይ አልትና ኢንሰርት፣ ኢክሊፕስ ላይ አልት፣ ሺፍትና ኤስ፣ ቀጥሎ አር ሲጫኑ ሜተዶቹን ፋይሉ ውስጥ ይጽፍልዎታል፤ በኋላ የፊልድ ስም በእጅ ከቀየሩ ግን የድሮው ስም እዚያው ይቀራል። ዳታው አንዴ ተፈጥሮ የማይለወጥ ከሆነ ከጃቫ 16 ጀምሮ ያለው ሬከርድ ይሻላል። ሴተር የለውም፣ ጌተሩም ከፊቱ «ጌት» የሚል ቃል ሳይኖረው በፊልዱ ስም ይጠራል። ለጄፒኤ ኢንቲቲ (ዳታቤዝ ውስጥ ለሚቀመጥ ክላስ) ግን አይሆንም፤ ጄፒኤ ባዶ ኮንስትራክተር ይፈልጋል፣ ሬከርድ ፊልዶቹ ፋይናል ናቸው።