ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ልሂድ ወይ ላሉት ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ደሴ በአንድ የግል ንግድ ድርጅት ስድስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት እንደሠሩ፣ ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ ደመወዝዎን በሲሶ የሚያሳድግ ሥራ እንደቀረበልዎ፣ ነገር ግን የአሁኑ አሠሪዎ እርስዎ ሥራ ባጡበት ጊዜ የቀጠሩዎ የእድር ጎረቤትዎ ስለሆኑ «ብለቅ ምን ይሉኛል» የሚል ይሉኝታ እንደያዘዎ ጽፈዋል። እኔ በንብረት ክፍል ሥራ ሁለት ጊዜ መሥሪያ ቤት የለወጥሁ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያውን በንዴት ለቅቄ ተጎድቻለሁ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በይሉኝታ ሁለት ዓመት ያለ አግባብ አዘግይቼዋለሁ።

የመጀመሪያው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ደሴ ላይ 4,200 ብር እየተከፈለኝ ሳለ በአንድ የዕቃ ቆጠራ ምክንያት ከቅርብ አለቃዬ ጋር ተጋጨን፤ ኮምቦልቻ ላይ 5,800 ብር የሚከፍል ድርጅት ንብረት ኃላፊ እንደሚፈልግ ስሰማ ሳምንት ሳልቆይ መልቀቂያ አስገባሁ። የ1,600 ብር ልዩነት ዓይኔን ሞልቶት ነበር። ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጄ ላይ የጨመረው ግን 1,140 ብር ገደማ ነው። ቀድሞ በእግሬ ሄጄ ምሳዬን ቤቴ እበላ የነበርሁ ሰው ለሚኒባስ ደርሶ መልስ 24 ብር፣ ለምሳ 25 ብር ማውጣት ጀመርሁ፤ ይህ በ26 የሥራ ቀን 1,274 ብር ይሆናል። ሒሳቡን የሠራሁት በመጀመሪያው ወር መጨረሻ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በደመወዝ ወረቀቴ ጀርባ ላይ ነበር፤ ለካ በየወሩ 130 ብር ያህል ከኪሴ እየጨመርሁ ኖሯል የምሠራው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ክረምት ላይ ሐረጎን ጉም ሲሸፍነው ሾፌሩ እየዳበሰ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ቤቴ የምደርሰው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነበር። ያጣላኝ አለቃ ደግሞ እኔ በለቀቅሁ በአራተኛው ወር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ።

እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህ ስሌት አይጠፋዎትም፤ ሆኖም ለድርጅቱ ሳንቲም የማያሳልፍ ሰው የራሱን ጉዳይ በግምት ሲወስን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የግብሩ ምጣኔ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተሻሻለ ሁለቱንም ደመወዝ በአዲሱ ሠንጠረዥ አስልተው የተጣራውን ያወዳድሩ። ፋብሪካው ከደሴ ሠራተኛ የሚያመላልስ ሰርቪስ እንዳለውና ምሳ እንደሚያቀርብም አስቀድመው ይጠይቁ።

ከደመወዙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፋብሪካው ምርቱን ለማን እንደሚሸጥ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን ቋሚ እንጀራ ተገኘ ብለን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጣ፤ በዚያው ዓመት አጎዋ የሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ በመላክ ላይ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ያኔ አየን። ለአገር ውስጥ የሚሸጥ ፋብሪካም ቢሆን ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ምንዛሬ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ይህን ለማወቅ የቅጥር ክፍሉን መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። እኔ በሁለተኛው ለውጥ ጊዜ አዲሱን ሥራ ከመቀበሌ በፊት ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት ሁለት ቀን በሩ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ተቀምጫለሁ፤ ደመወዝ በስንተኛው ቀን እንደሚገባና ባለፈው ዓመት ስንት ሳምንት ሥራ ቆሞ እንደነበር የሰማሁት ቶናው ሳይቀዳ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ በመሆኑ ለስድስት ዓመትዎ የሁለት ወር ከሃያ ቀን ያህል ይደርሳል፤ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልዎታል። ይህን ገንዘብ እባክዎ አይንኩት። አዲሱ ቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊያስይዝዎ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው አይመጥኑም ቢልዎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል። የስንብት ክፍያው ያንን ጊዜ ለመሻገር ይበቃዎታል። የቅጥር ደብዳቤው ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት እጅዎ ሳይገባም መልቀቂያ አያስገቡ።

ይሉኝታው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሠርግና ለቅሶ የሚያገናኘንን ሰው እንደ ባዳ ትቶ መሄድ በእኛ አገር ከደመወዙ በላይ ያስከፍላል። እኔም ሁለተኛው መሥሪያ ቤት እናቴ ስትታመም የረዳኝን ሥራ አስኪያጅ አፍሬ ሁለት ዓመት ዝም አልሁ። በመጨረሻ ስነግረው «መቼ ትነግረኛለህ እያልሁ ነበር፤ ብቻ ሳታስረክብ እንዳትሄድ» አለኝ። ርክክቡ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት በቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ) ላይ ያለ አንድ በርሜል ዘይት መጋዘን ውስጥ ጠፋ፤ የወጣበት ደረሰኝ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከደረሰኞቹ ቀሪ ቅጂ መካከል የተገኘው እኔ እዚያው ስለነበርሁ ነው። በ2010ሩ አለቃቀቄ ቢሆን ዕዳው ዋስ በሆነኝ በአጎቴ ላይ ያርፍ ነበር።

ስለዚህ ስሌቱ አትራፊ ከሆነና ፋብሪካው ገበያ ካለው ይሂዱ። አሠሪዎ ዘንድ ግን ቢሮ ሳይሆን ቤታቸው ሄደው፣ ከማንም ሳይሰሙ ራስዎ ይንገሯቸው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ከሆነና ፋብሪካው ሊጠብቅዎ ከፈቀደ፣ የዓመቱን ሒሳብ ዘግተውላቸው ሐምሌ ላይ ቢለቁ የተሻለ ነው።