የቤዝ ክር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ልጅ ጊታሩን እንዳዘለ መጣና «ጋሼ፣ ሽፋን ያለው የቤዝ ጊታር ክር እውነት ይቆያል ወይስ ወሬ ነው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባጃጁ ሞላ። መንገድ ላይ ሳስበው ለካ አጭር መልስ የለውም። ስለዚህ «ስለ ክር የሚጠይቅ ይጠይቅ» አልኩ። ጎንደሬው አላሳፈረኝም። ሃያ ዓመት ቤዝ ይዣለሁ፤ አብዛኛውን ሰርግ ላይ። ክር አልሸጥም። ክር እየገዛሁ ግን ብዙ ብር ጨርሻለሁ።

ጥያቄ፦ የባጃጁ ልጅ ይቅደም። ይቆያል ወይ?

መልስ፦ ይቆያል። ከምን እንደሚያድንህና ከምን እንደማያድንህ ግን ለይ። የቤዝ ክር መሀሉ ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ ነው። በላዩ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ብዙ ጊዜ ኒኬል የተቀባ ብረት ወይም ስቴንለስ። ጣትህን ስታንሸራትት ክርርር የሚልህ ያ ጥምጥም ነው። ችግሩም እዚያው ነው። በጥምጥሞቹ መሀል ባለው ቦይ ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ ይገባል። ክሩ ይከብዳል፣ እንደ ልቡ መርገብገብ ያቅተዋል። መጀመሪያ የሚሞተው ያ ጥርት ያለው ላይኛው ድምፅ ነው። የላቡ ጨው ደግሞ ያዝገዋል። ክሩ ላይ በስሱ የሚለበጠው ሽፋን የሚዘጋው ይህን በር ነው።

የማይዘጋው በርም አለ። ክሩን ፍሬት ላይ (አንገቱ ላይ የተጋደሙት የብረት ዘንጎች ናቸው) በተጫንክ ቁጥር ከስሩ በትንሹ ይሰረጎዳል። እስቲ ጥፍርህን ከክሩ ስር አስገብተህ ከሰባተኛው ፍሬት ወደ ሦስተኛው ጎትተው። ያረጀ ከሆነ ፍሬቶቹ ጋ ሲደርስ ቀጭ ቀጭ እያለ ይይዝሃል። ይህን ምንም ሽፋን አያስቀርም። ሌላው ምልክት ቅኝት ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩ (ሳትጫን ክሩን ነካ ብቻ አድርገህ የምታወጣው) እና ተጭነህ የምታወጣው ድምፅ ድሮ ይገጥሙ ነበር፤ አሁን እምቢ ካሉ ክሩ አልቋል።

የእኔ እጅ ላብ ይበዛዋል። ያልተሸፈነ ክር በጥር ሰርግ ሦስት ሳምንት አይሞላልኝም። የተሸፈነው እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል። በጾሙ ሰርግ ስለሌለ አርፎ ነው ብለህ ትንሽ ቀንስለት።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነኝ። የትኛውን ስም ልግዛ?

መልስ፦ ስሙን ተወውና አሸፋፈኑን እይ። ሁለት ዓይነት ነው። ኤሊክሰር ናኖዌብ ክሩ ተጠምጥሞ ካለቀ በኋላ ከላይ ይለበጣል። ቦዩ ራሱ ይከደናል ማለት ነው። አምራቹ ደብሊው ኤል ጎር ነው፤ ጎርቴክስ የሚባለውን የዝናብ ጃኬት ጨርቅ የሚሠራው። ሽፋኑም የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ ላለው ቴፍሎን ዘመድ ነው። ለዚህ ነው ጣት ስር ሙልጭልጭ የሚለው። የዳዳሪዮ ኤክስቲ ደግሞ ሽቦው ራሱ ነው በስሱ የሚታከመው። ጣትህ ያልተሸፈነ ክር የያዘ ይመስለዋል።

እጅህ ላብ በላብ ከሆነ የመጀመሪያውን ያዝ። ሙልጭልጩን ከጠላህ ሁለተኛውን። በውጭ ገበያ የተሸፈነ ክር ያልተሸፈነውን እጥፍ ያህል ያወጣል። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ስታስመጣ ደግሞ የመላላኪያው ጣጣ አለ። ለእኔ የሽፋን ትልቁ ጥቅም እንዲያውም ይኸው ነው፤ ስልክ መደወል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የባህል ምሽት ቤት በሳምንት ስድስት ቀን እጫወታለሁ። በወር ውስጥ ክሩ ይሞትብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ እራትህን መቼ እንደምትበላ ንገረኝ። አንድ ሰርግ ላይ ክትፎ በልቼ፣ እጄን በሶፍት ጠረግ አድርጌ መድረክ ወጣሁ። ሌሊት ቤት ገብቼ ነጭ ጨርቅ ከክሩ ስር ባሳልፍ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ቅቤ ነው! ክሩ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ድምፁ ግን የተሸፈነ እንስራ የመታሁ ይመስል ነበር።

እና እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ያዝ። ተጫውተህ ስትጨርስ አሮጌ ከነቴራ ወይም የነጠላ ቁራጭ ከክሩ ስር አስገባ። ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ሰብስበህ ክሩን ቆንጠጥ አድርገው። ከብሪጁ (ክሩ ከታች ከሚታሰርበት) እስከ ላይ አንድ በአንድ ጎትት። ጨርቁ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ያ ጥቁር ካልጠረግከው ቦዩ ውስጥ የሚያድር ነው። አራቱም ክር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያለማቋረጥ ከሠራህ ያልተሸፈነውም ይቆይልሃል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ግን የተሸፈነውን ግዛ ነው የምለው። እጥፍ ከፍለህ ሦስት እጥፍ ከተጫወትክበት አተረፍክ።

ጥያቄ፦ እኔ ቸርች ውስጥ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምጫወተው።

መልስ፦ አያስፈልግህም። ያልተሸፈነ ግዛና ጨርቅ ያዝ። በክረምት ቤዙን ከግድግዳ አውርደህ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጠው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አብረህ ጨምር።

ጥያቄ፦ በእኛ ጊዜ ክር ቀቅለን መልሰን እንጠቀም ነበር። የተሸፈነው ይቀቀላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔም ብዙ ቀቅያለሁ፤ እናቴ ሽሮ መስሏት ክዳኑን ከፍታ ደንግጣለች። ቅቅል ቅባቱን ያስለቅቃል፣ ክሩም ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። ዝገቱና ስርጉዱ ግን ያው ነው። ደግሞ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃችን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላ። እዚህ ድንችም ክርም ጊዜ ይፈልጋል። የተሸፈነውን ግን አይቀቅሉት። ቆሻሻው ከላይ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ክሬ ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ጭረት ወጣ። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልተታለልሽም እህቴ። የምትጫወቺው በፒክ (በመምቻ) ወይም በስላፕ (በአውራ ጣት እየመታሽ) ነው መሰለኝ። ሽፋኑ በአውራ ጣትሽ ቦታ ተፋቆ ነው። ፒክአፑ (ከክሩ ስር ድምፁን የሚቀበለው) ላይ እንደ ክር ብናኝ ከታየሽ እሱ ነው። ክሩ አልተበጠሰም፣ ድምፁም ወዲያው አይሞትም። ቀስ ብለሽ በጥፍርሽ አንሺው እንጂ እየጎተትሽ አትላጪው። ስላፕ ለሚያበዛ ሰው ግን ሙሉ ለሙሉ የተለበጠ ክር ብዙም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሽፋን ድምፁን ያደበዝዛል ይባላል።

መልስ፦ በመጀመሪያው ቀን አዎ፣ ትንሽ። አዲስ ያልተሸፈነ ክር ይንጫጫል፤ የተሸፈነው ተረጋግቶ ይጀምራል። በአሥረኛው ቀን ያልተሸፈነው ወርዶ ከስሩ ይሆናል። የእኛ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ማሲንቆ መሀሉን ይዟል፣ ከበሮው ይመታል፣ ዘፋኙ ከላይ ነው። ቤዝ እዚያ መሀል ገብቶ ቢንጫጫ ማሲንቆውን ይረብሸዋል። እስክስታ ላይ የሚፈለገው ደረት የሚገፋ ክብ ድምፅ ነው። ስለዚህ «ደበዘዘ» የምትሉት ለኔ ወቀሳ አይደለም።

እንዲያውም ፈጽሞ መንጫጫት የማይወድ ሰው ፍላትዋውንድ የሚባለውን ክር ይሞክር። ጥምጥሙ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቦይ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆሻሻም መግቢያ ያጣል። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን ላ ቤላ የሚባል ወፍራም ፍላት አድርጎ፣ ካልተበጠሰ አይቀይረውም ነበር። ያን ሁሉ ዘፈን የተጫወተው በአሮጌ ክር ነው። ዕድሜ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከሽፋን በፊት ፍላት ይታሰብ።

ጥያቄ፦ የተሸፈነ ክር ካደረግኩ ወዲህ ክሩን ስነካ እንኳ እምምም የሚለው አልጠፋ አለ።

መልስ፦ ቤዝህ ሲጮህ ክሩን ስትነካ ዝም የሚለው ገላህ በክሩ በኩል ከመሬት መስመሩ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ግንኙነቱ ሊቀንስ ይችላል። ብሪጁን ንካ፤ ዝም ካለ ጥፋቱ የቤዙ አይደለም። ማይክ ከንፈርህን ከነዘረህ ግን ጨዋታ አቁም። የአዳራሹ መሬት መስመር ችግር አለበት ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሻን ይጠራ። «ሙሽሮቹ እየጠበቁ ነው» ቢሉህም።

ጥያቄ፦ አስመስሎ የተሠራ እንዴት ይለያል?

መልስ፦ እኔም ተበልቻለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ በግማሽ ዋጋ አግኝቼ በደስታ ገዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ኢው (ወፍራሙ) ክር ላይ ቡናማ ዝገት ወጣ። ሽፋን ያለው ክር ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት አይዝግም። ዳዳሪዮ ማሸጊያው ውስጥ ድረ ገጹ ላይ የሚመዘገብ ኮድ ያደርጋል፤ እሱን ሞክር። የደበዘዘ ማተሚያ ካየህ ተጠራጠር። በግማሽ ዋጋ የተባለ ነገር ካየህ ደግሞ እኔን አስታውስ።

ጥያቄ፦ ቤዝ ክራሬ ላይ የቤዝ ጊታር ክር ላድርግ?

መልስ፦ ተው! አንዱ የቤዝ ክር ወደ 20 ኪሎ ይስባል፤ አራቱ 80 ገደማ። ጊታሩ አንገት ውስጥ ለዚሁ የተቀበረ ብረት አለው። የክራርህ ቀንበር እንጨት ነው። ናይለን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ስገዛ ምን ቁጥር ልበል? ስቆርጠውስ?

መልስ፦ ከላይኛው አጥንት (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ 12ኛው ፍሬት ለካና በሁለት አባዛ። 86 ሴንቲ ከመጣ ሎንግ ስኬል ነው፤ 76 ከመጣ ሾርት። ውፍረቱን ለባለ አራቱ 45-105 ወይም 45-100 በል። ባለ አምስት ከሆነ ቢውን (አምስተኛውን፣ ከሁሉም ወፍራሙን) 130 ጨምር። ስታስገባ ከቁልፉ (ከመቃኛው) በኋላ ሁለት ሦስት ዙር የሚሆን ተው፣ መጀመሪያ እጠፈው፣ ከዚያ ቁረጠው። ሳታጥፍ ከቆረጥክ ጥምጥሙ ሊላላና ክሩ በአንድ ቀን ሊሞት ይችላል። አራቱንም አንዴ አትፍታ፤ አንድ በአንድ ቀይር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወጣውን ክርህን አትሰጠኝም? ተማሪ ነኝ።

መልስ፦ ከጥር የቀረ አንድ ሙሉ አለኝ፤ ኢው ትንሽ ተፍቋል እንጂ ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ና። ጨርቅ ይዘህ ና ግን፤ አልጠረግኩትም።