«ሳተላይት እያለ ብርድ ምን አስኬዳቸው?» ላላችሁኝ ልጆች

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቡና በምጠጣበት ቤት በረንዳ ላይ ሦስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አጠገቤ ተቀምጠው የአንታርክቲካ ቪዲዮ ያዩ ነበር። አንዷ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ሳተላይት እያለ እነዚህን ሰዎች እዚያ ብርድ ውስጥ ምን አስኬዳቸው?» አለችኝ። ስለ አየር ንብረትና ስለ ንጹሕ አየር፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን መልስ ሰጥቻት ሂሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድሮ ያሰረዝኩት አንድ ቁጥር መጣብኝ።

ነገሩ አጭር ነው። በማስተምርበት ዘመን አንድ ልጅ ታኅሣሥ ላይ በየማለዳው ቴርሞሜትር እያነበበ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን «ከዜሮ በታች 2» ብሎ መጣ። «አዲስ አበባ ውስጥ? ቴርሞሜትርህ ተበላሽቷል፤ ሰርዘህ 4 በል» አልኩት። ሰረዘ። ቴርሞሜትሩን የት እንዳስቀመጠው እንኳን አልጠየቅኩትም፤ ለካ ሣር ላይ ነበር ያሳደረው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት መሬት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ሣሩ ላይ ያለው አየር ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ካለው አየር በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውርጭ የሚመታው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ይህን ገበሬ ያውቀዋል፤ የፊዚክስ መምህሩ ግን ረሳሁት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ደብተሩን ይዞ አልመጣም።

ከዚህ በላይ ስለ ራሴ አላወራም። አንታርክቲካ ላይ ስላለው የእንግሊዞች የምርምር ጣቢያ፣ ስለ ሃሊ ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ ለልጅቷ መስጠት የነበረብኝ መልስ እሱ ነበርና።

ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 እ.ኤ.አ. የዓለም ሳይንቲስቶች «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው በአንድ ጊዜ ምድርን ለመለካት ተስማሙ። እዚሁ አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ የኛ ዋጋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ነበር። በዚያው ሰበብ አሜሪካኖች ደቡብ ዋልታ ላይ፣ ሶቪየቶች ቮስቶክ ላይ፣ እንግሊዞች ደግሞ ሃሊ ላይ ጣቢያ ሠሩ። አራት ኪሎና ሃሊ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። በዚህ በኩል ስታልፉ ግቢውን ቀና ብላችሁ እዩት እንጂ ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ አትለፉ።

ሃሊ የተሠራው መሬት ላይ አይደለም። ባሕር ላይ የተንሳፈፈ፣ በየዓመቱ በመቶዎች ሜትር ወደ ውቅያኖስ የሚንሸራተት የበረዶ ሰሌዳ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች በየተራ በበረዶ ተቀብረው ተጨፈለቁ። አሁን ያለው ስድስተኛው ሲሆን እግሮቹ ሃይድሮሊክ፣ ጫማዎቹ ስኪ ናቸው፤ ሰሌዳው ሲሰነጠቅ እየጎተቱ 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ አዛውረውታል። በዓመት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ቀናት ፀሐይ ጨርሶ አትወጣበትም።

እዚያ በየቀኑ ከሚሠራው ሥራ አንዱ ኦዞንን፣ ከፀሐይ አልትራቫዮሌት የሚጋርደንን የላይኛው አየር ጋዝ፣ መለካት ነበር። መሣሪያው ጎርደን ዶብሰን በ1920ዎቹ የሠራው ስፔክትሮፎቶሜትር ነው፤ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ከባድ ሣጥን። የፀሐይ ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ይገባና በፕሪዝም ይበተናል፤ ከተበተነው ሁለት የአልትራቫዮሌት ሞገዶች ይመረጣሉ። አንዱ፣ ለምሳሌ 305.5 ናኖሜትር፣ ኦዞን አጥብቆ የሚውጠው ነው፤ ሌላው፣ 325.4፣ ኦዞን እምብዛም የማይነካው። ተመልካቹ ደማቁን ሞገድ የሚያደበዝዝ መደወያ እያዞረ የመለኪያውን ቀስት ዜሮ ላይ ያቆማል፤ የመደወያውን ቁጥር ያነባል፤ ሰዓቱን በትክክል ይጽፋል፤ ከፀሐይዋ ከፍታ ጋር አድርጎ በሠንጠረዥ ወደ ኦዞን ይለውጠዋል። አቧራና ጭጋግ እንዳያታልለው በሌላ ጥንድ ሞገድ ይደግማል። 100 ዶብሰን ማለት በላያችን ያለው ኦዞን ሁሉ ተለቅሞ በዜሮ ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል ግፊት ቢነጠፍ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከፀሐይ የሚጋርደን ጣሪያ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ በብዙ መንገድ ይበላሻል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ ረጅም አየር ስለሚያቋርጥ ትንሽ ስህተት ትልቅ ይሆናል። መሣሪያው ሲቀዘቅዝ ሞገዱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የመሣሪያው ሙቀት በየጊዜው ይነበብና ማስተካከያው ይነካል። በየጊዜው በሜርኩሪ መብራት ሞገዱ፣ በመደበኛ መብራት ደግሞ መሣሪያው ለብርሃን ያለው ስሜት ይፈተሻል። አሰልቺ ነው። በዚያ ላይ ለሃያ ዓመት ያህል ምንም አዲስ ነገር አልታየም፤ የኦክቶበር አማካይ 300 ዶብሰን አካባቢ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። ሥራው ቢቆም የሚደንቀው ሰው አልነበረም።

ጆናታን ሻንክሊን የሚባል ወጣት በ1977 ሃሊን በሚያስተዳድረው የእንግሊዞች የአንታርክቲካ ጥናት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር የጠበቀው በእጅ የተጻፈ የንባብ ክምር ነበር፤ ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገባ። በኋላ ለሕዝብ ጉብኝት ቀን አንድ ሥዕል ሊያዘጋጅ ተነሣ፤ ሐሳቡ «ኦዞን እንደ ድሮው ነው፣ አትስጉ» ለማለት ነበር። ቁጥሮቹ ግን እምቢ አሉት። በየፀደዩ እየወረዱ ነበር። አለቃው ጆ ፋርማን መጀመሪያ የጠረጠረው ያረጀውን መሣሪያ ነው፤ ልክ ነበር፣ መጠርጠር ይገባል። ሌላ የዶብሰን መሣሪያ ተላከ፤ እሱም ያንኑ ዝቅተኛ ንባብ ሰጠ። ወደ ሰሜን ርቆ ያለው ሌላው ጣቢያቸውም መጠኑ ያነሰ ይሁን እንጂ መውረድ አሳየ። ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ሻንክሊን በሜይ 1985 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያወጡት የኦክቶበሩ መጠን ከ200 ዶብሰን በታች ወርዶ ነበር። ከጣሪያው ሲሶው ጠፍቷል።

ሳተላይቱስ? ኒምበስ 7 ከ1978 ጀምሮ ያንኑ ሰማይ ያይ ነበር። ሰዎች «የናሳ ኮምፒውተር ቁጥሩን ጣለው» እያሉ የሚያወሩት ትክክል አይደለም። ከ180 ዶብሰን በታች ሲሆን «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ያደርግበት ነበር እንጂ አልጣለውም። የናሳ ሰዎች ምልክቱ ሲበዛባቸው መሬት ላይ ካለ መሣሪያ ጋር አመሳከሩት፤ የደቡብ ዋልታው ዶብሰን ደግሞ «300 አካባቢ ነው» አላቸው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳተው የደቡብ ዋልታው ንባብ ነበር። ስለዚህ ሳተላይት ብቻውን አልበቃም፤ መሬት ላይ መሣሪያ መኖሩም ብቻውን አልበቃም። የበቃው አንድ ዓይነት መለኪያ፣ አንድ ቦታ፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በየጊዜው እየተፈተሸ መቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሳተላይቱ ጉድለቱ አህጉር የሚያህል መሆኑን በካርታ አሳየ፤ ይህን ሃሊ ላይ የቆመ ሰው መቼም አያየውም ነበር። ሳተላይትን እየነቀፍኩ መስዬ ከሆነ እንዲህ ነው የምነቅፈው።

ልጅቷ «ለምን እዚያ?» ብላለች። ብርዱ ሰዎቹ የሚችሉት መከራ ብቻ መስሏት ይሆናል፤ ጥናቱ ግን ራሱ ብርዱ ላይ ነው። ከማቀዝቀዣና ከስፕሬይ የወጣው ክሎሪን ያለበት ጋዝ ዓለምን ሁሉ ያዳርሳል፤ ፒያሳ ላይ የወጣውም አንታርክቲካ ይደርሳል። ኦዞኑን ጠራርጎ የሚበላው ግን ኦዞኑ ያለበት የላይኛው አየር ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሲወርድና ልዩ ደመና ሲሠራ ነው። በጨለማው ወራት ደመናው ላይ ክሎሪኑ ይዘጋጃል፤ በኦገስት መጨረሻ ፀሐይ ስትመለስ ተቀጣጥሎ ይሠራል። ኬሚስቷ ሱዛን ሶሎመን በ1986 ቡድን መርታ ማክመርዶ ወደሚባለው የአሜሪካኖች የአንታርክቲካ ጣቢያ የሄደችው ይህንኑ ክሎሪን በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ሰማይ ሥር ለመያዝ ነበር። እነዚህን ጋዞች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 ተፈረመ። የአንታርክቲካው ጉድለት ወደ 1980ው ልክ የሚመለሰው በ2066 ገደማ ነው ተብሎ ይጠበቃል፤ ያኔ እናንተም ጡረተኞች ናችሁ።

ስለ ልብሳቸውና ስለ ምግባቸው አልጽፍም፤ ቪዲዮው ላይ አይታችኋል። ስለ መሣሪያው ግን አንድ ሁለት ነገር። ከዜሮ በታች 40 ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጋል፤ ሰው በእርሳስ ይጽፋል። ተራ ቅባት እንደ ሰም ስለሚጠጥር ሞተር አይዞርም። የሽቦ ልባስ ሲታጠፍ ይሰበራል። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ኮምፒውተር ያቃጥላል። ሌንስ ላይ አንዴ ከተነፈስክበት ትንፋሽህ በረዶ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ በረዶው ጥልቀት። አንታርክቲካ ውስጥ ዶም ሲ የሚባለው ቦታ ከፍታው 3,233 ሜትር ነው፤ የእንጦጦን ጫፍ ያህል። አየሩ ግን ከእንጦጦ ይሳሳል፤ ዋልታ ላይ የአየሩ ግፊት ከፍ ባላችሁ ቁጥር ከኛ ዘንድ ፈጥኖ ይቀንሳል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 54 ገደማ። የአውሮፓውያን ቡድን እዚያ እስከ 3,270 ሜትር ቆፍሮ 800,000 ዓመት ያለው በረዶ አወጣ። መሰርሰሪያው በገመድ የተንጠለጠለ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ቢላዋ አለው፤ ክብ እየቆረጠ መሐሉን 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዓምድ አድርጎ ያስቀራል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ሜትር ነው፤ ጥልቁ ላይ አንዱ ምልልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጉድጓዱ ባዶ ከተተወ የበረዶው ክብደት ስለሚዘጋው የማይረጋ ፈሳሽ ይሞላል። ያም ሆኖ በዲሴምበር 1998 መሰርሰሪያው 788 ሜትር ላይ ተቀረቀረ፤ ሊያወጡት አልቻሉም። ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ ከላይ ጀመሩ።

ከ600 እስከ 1,200 ሜትር ገደማ ያለው በረዶ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ የታመቀው አየር ግፊት ስላለው ላይ ሲወጣ እየፈነዳ ይሰነጠቃል፤ እስኪረጋጋ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት፣ መጋዘን ውስጥ ይተኛል። ያ የታመቀ አየር ነው ሀብቱ። በረዶውን አየር ከወጣለት ዕቃ ውስጥ ያደቁትና የጥንቱን አየር ይለካሉ። በ800,000 ዓመት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ170 ገደማ እስከ 300 ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። አንድ ማታለያ አለ፤ አየሩን የያዘው አረፋ የሚዘጋው በረዶው 100 ሜትር ያህል ከተቀበረ በኋላ ስለሆነ አየሩ ከያዘው በረዶ በሺዎች ዓመት ያንሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ምክንያቱንና ውጤቱን ያቀያይራል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ እዚያው አካባቢ 2,800 ሜትር ቆፍረው ዓለት ላይ ደርሰዋል፤ የበረዶው ዕድሜ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

«ለኛ ምን ያደርግልናል?» ለምትሉ፣ በዚያ አረፋ ውስጥ ሚቴንም አለ። የጥንቱ ሚቴን በብዛት የሚመጣው ከሞቃቱ ዓለም ረግረግ ነው፤ እኛ ዘንድ ዝናብ ሲበዛ ረግረጉ ይሰፋል፣ አንታርክቲካ ያለው አረፋም ይመዘግባል። ሰሐራ ሣር የነበረበት ዘመን ሲያልቅ ሚቴኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። የክረምታችን ደብተር ያለው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ በረዶ ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ትግራይ፣ እዳጋ ዓርቢ ሄዳችሁ ዓለቱን ብታዩ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግግር በረዶ ጎትቶ የጣለውን ድንጋይ ታገኛላችሁ፤ ያኔ አገራችን ከዛሬው ይልቅ ለደቡብ ዋልታ ትቀርብ ነበር። ይህን ለማየት ቪዛ አያስፈልግም፤ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ የሄዳችሁ? ሁላችሁም ስለ ውጭ ስኮላርሺፕ ነው የምትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ላምን ይገባኛል። ከ2017 ጀምሮ ሃሊ በጨለማው ወራት ሰው የለበትም፤ ሰሌዳው ስለተሰነጠቀ ያሰጋል። መሣሪያዎቹ በትንሽ ተርባይን ኃይል እያገኙ ብቻቸውን ይለካሉ። ስለዚህ ያቺ ልጅ በከፊል ልክ ናት፤ የሰው ልጅ ሁልጊዜ እዚያ መንቀጥቀጥ የለበትም። ቢሆንም በየበጋው ሄዶ መሣሪያውን የሚፈትሽ ሰው አለ።

እዚህ ሆናችሁ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሁለት ቴርሞሜትር ነው። ድሮ ፒያሳ የምገዛበት ሱቅ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንዱን ጥላ ባለበት፣ አየር በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ ሜትር ተኩል ላይ ስቀሉ፤ ሌላውን ሣር ላይ፣ ሰማይ በሚያየው ቦታ አስተኙት። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ሳትወጣ፣ 12 ሰዓት ላይ አንብቡ። በእርሳስ ጻፉ። የማይመስል ቁጥር ሲመጣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉና ሰማዩ ጥርት ያለ ወይም ደመናማ እንደነበር አክሉበት። ከሁሉ በፊት ግን ከጁስ ቤት በረዶ ለምናችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ከጥቂት ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አማስሉትና ሁለቱንም ቴርሞሜትሮች ክተቱበት። ዜሮ የማይለው የትኛው እንደሆነ፣ በስንት እንደሚስትም ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ።